ያለ እሳት ምግብ ያሞቁት ሚስተር ስፔንሰር

ከጉና ተራራ ማዶ በደብረ ታቦር ከተማ የሚሠራ ወጣት፥ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያደረውን ወጥ ለማሞቅ ከሰል እስኪያያይዝ ድረስ የዕረፍት ሰዓቱ ያልቅበታል። ይህን ድካም በጥቂት ደቂቃ ስለሚያቃልለው ማይክሮዌቭ ስለሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃና ስለ ፈልሳፊው ስለ ሚስተር ፐርሲ ስፔንሰር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ሚስተር ስፔንሰር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜይን ግዛት ተወለዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸውም ትተዋቸው ስለ ሄዱ አክስታቸውና የአክስታቸው ባል አሳደጓቸው። በሰባት ዓመታቸው አሳዳጊያቸውም ሞቱ። ስለዚህ ትምህርታቸውን አቋርጠው፥ በ12 ዓመታቸው ከንጋት እስከ ማታ በፋብሪካ ይሠሩ ጀመር። በ1912 ዓ.ም. ታይታኒክ ስትሰጥም ስለ መርከቧ የሬዲዮ ሠራተኞች ሰምተው ባሕር ኃይል ገቡ፤ በዚያም መጻሕፍት እያገላበጡ ሒሳብንና ፊዚክስን ያለ መምህር ተማሩ። እኛን ከምድጃው ይልቅ የሚያስደንቀን ይኸው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬይቴዎን በተባለው ኩባንያ፥ ለራዳር ሞገድ የሚያመነጨውን ማግኔትሮን የተባለ መሣሪያ ያሠሩ ነበር። በ1945 ዓ.ም. አንድ ቀን በመሣሪያው አጠገብ ቆመው ሳለ በኪሳቸው የያዙት ቸኮላታ ቀለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን ጠርጎ ባለፈ ነበር። እርሳቸው ግን የበቆሎ ፍሬ አስመጥተው ቢያስጠጉት ፈንዲሻ ሆኖ ፈካ፤ እንቁላልም ቢሞክሩ ፈነዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማግኔትሮኑ የሚያመነጨው ሞገድ በሰከንድ ወደ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። በምግቡ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የውሃ ቅንጣቶች ይህን ለመከተል ሲገላበጡ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ከዚህም ሙቀት ይገኛል። ብርጭቆና ሸክላ ሞገዱን ስለሚያሳልፉ የሚሞቁት ከምግቡ በሚቀበሉት ሙቀት ነው። ብረት ግን ሞገዱን ይመልሳል፤ የእሳት ብልጭታም ሊያስነሣ ስለሚችል ሳህኑ ብረት አይሁን።

ሆኖም ተአምር አይጠበቅበት። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ91 ግድም ስለሚፈላ ባቄላ ለመብሰል ይዘገያል፤ ይህም ምድጃ ያንን አይለውጠውም። እንጀራም ቢሆን ያው ምጣዱን ይሻል። ጥቅሙ ጥቂት ወጥ ያለ ጭስና ያለ ማገዶ ቶሎ ማሞቁ ላይ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ምድጃ ቁመቱ 1.8 ሜትር፥ ክብደቱም 340 ኪሎ ያህል ስለ ነበረ ለቤት የሚሆን አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ሚስተር ስፔንሰርም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1970 ዓ.ም. ዐረፉ።