ተሸጦ ወጥቶ መጽሐፍ ይዞ የተመለሰ ሰው
የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

በአሰቦት ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ያን ትልቅ ተራራ ሳያይ አያልፍም። በተራራው ላይ ደብረ ወገግ የሚባል ገዳም አለ፤ ስሙም ከጻድቁ ከአባ ሳሙኤል ጋራ አብሮ ይነገራል። መነኮሳት ከዓለም ተለይተው ለእግዚአብሔር ብቻ ለመኖር ወደዚያ ይወጣሉ። የእነርሱ መለየት ለዓይን የሚታይ ነው፤ ተራራው ከሜዳው ይለያቸዋልና። ነገር ግን ከሜዳው ሳይወጣ፥ በገበያና በመንደር መካከል እየኖረ፥ በልቡና በሥራው ከሰው የሚለይ ሰው ደግሞ አለ። ይህ ሁለተኛው መለየት የሚሸሸግበት ተራራ የለውም። ጐረቤት በየቀኑ ያየዋል፥ ይጠይቀዋል፥ ይዘባበትበታል፥ አንዳንድ ጊዜም ይከስሰዋል። ከእንደነዚህ ያሉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ አሁን እናነባለን።

ልጆች ሆይ፤ ይህ ሰው በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሲወለድ ሂካ ተብሎ ተሰየመ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። ይህ ሕፃን ምን እንደሚተረጕም ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት።

በዚያ ዘመን በአገራችን ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛት የተለመደ ነበረ። ባሪያ ፈንጋዮች እየሸመቁ ልጆችን ይሰርቁ ነበር፤ ነጋዴዎችም ከእነርሱ እየገዙ ወደ ባሕር ዳር ይነዱአቸው ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኀጢአት አይቈጥረውም ነበር፤ አባቱም አያቱም ሲያደርጉት አይቶአልና። ልማድ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ሰው ሁሉ በሚሄድበት የሚሄድ ወዴት እንደሚደርስ አይጠይቅም። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ዓ.ም. ነው። ይህም ከሂካ መወለድ በኋላ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑን አስተውሉ።

ሂካ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያህል ሲሆን፥ በ1869 ዓ.ም. ፈንጋዮች ያዙት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተላለፈ በስምንት ሰዎች እጅ ገባ። በየገበያው ዋጋው ተቈረጠ፤ በየመንገዱም ከተወለደበት አገር እየራቀ ሄደ። በመጨረሻም በቀይ ባሕር ዳር ካለችው ከምጽዋ ከተማ ደረሰ። ከዚያ ባሕሩን ቢሻገር ኖሮ ስሙ እንኳ ባልተሰማ ነበር። ነገር ግን በምጽዋ ይኖር የነበረ ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው፥ እንዲማርም ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው።

ሚሲዮናውያኑ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ልጁ ለትምህርት ትጉህ ሆነ። በ1872 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ቀን ተጠመቀ፥ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ከሐዲስ ኪዳን የተወሰደ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ አናሲሞስ ተብሎ ይጻፋል። የፊተኛው አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና የተለየ ባሪያ ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም አስተምሮ፥ ጌታው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ወንድም እንጂ እንደ ባሪያ እንዳያየው ጽፎ ላከው። የስሙም ትርጓሜ ጠቃሚ ማለት ነው። ስለዚህ ሂካ በስምንት ገበያ ዋጋ ከወጣለት በኋላ፥ ዋጋ የማይወጣለትን የወንድምነት ስም አገኘ።

ከዚህ በኋላ ኦኔሲሞስ ወደ ስዊድን አገር ተላከ፤ በዮሐኔሉንድ የሰባክያን ትምህርት ቤትም አምስት ዓመት ተማረ። በስዊድን ሰላም ነበረ፥ ዳቦና መጽሐፍም ነበረ። ወደ ኋላው ግን ፈንጋይና ንዳድ፥ ረጅምም መንገድ ነበረ። ኦኔሲሞስ ተመለሰ። በልቡም የነበረው አሳብ አንድ ነበረ፤ እርሱ ያገኘውን የወንጌል ብርሃን የተወለደበት ሕዝብ በገዛ ቋንቋው እንዲያገኘው ነበር። የዮሴፍን ታሪክ ታውቃላችሁ፤ ዮሴፍ ከተሸጠ በኋላ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ወደ እርሱ መጡ። ኦኔሲሞስ ግን ወንድሞቹ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ እርሱ ራሱ ወደ እነርሱ ለመሄድ ተነሣ።

መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ወደ ውስጥ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ ነበርና፥ በ1881 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋራ በሱዳን ዞሮ ወደ ወለጋ ለመግባት ሞከረ። አሶሳ ድረስ ከሄዱ በኋላ ለመመለስ ግድ ሆነባቸው፤ እርሱም በመንገድ በብርቱ ንዳድ ታመመ። በሚያዝያ 1882 ዓ.ም. ካርቱም ደረሱ። በ1886 ዓ.ም. ሁለተኛ ተሞከረ፤ እስከ እንጦጦ ደረሱ፥ ነገር ግን ወደ ወለጋ ለማለፍ ፈቃድ አላገኙም። ደግሞም ወደ እምኩሉ ተመለሰ።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ በሩ የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ? ኦኔሲሞስ እግሩ ሊደርስ ካልቻለ መጽሐፍ እንዲደርስ ብሎ ብዕሩን አነሣ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዘ። በዚህም ሥራ ላይ ታላቅ ችግር አገኘው። ከአገሩ የወጣው ልጅ ሳለ ነውና ብዙ ቃል ጐደለበት። ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ከእናቱም ቋንቋ አርቀውት ነበር። ሰው ግን ጕድለቱን ካወቀና ካላፈረበት ረዳት ያገኛል። አስቴር ጋኖ የምትባል ብላቴና ነበረች፤ እርስዋም ተሽጣ በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ዓ.ም. በባሕር ላይ ነጻ የወጣች ናት። አስቴር ኦሮምኛን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ቃላትን፥ ተረትንና ምሳሌን፥ የሕዝቡንም ዘፈን እየሰበሰበች ጻፈች። በ1894 ዓ.ም. ሁለቱ አንድ ሆነው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ ኦኔሲሞስ ግን የጻፈው እናንተ አሁን በምታነቡት በግእዝ ፊደል ነው። ከዚህ ሥራ ውስጥ የሁለት ነጻ የወጡ ባሮች ድካም አለበት። እንደ ዕቃ ተሸጠው የነበሩ ሰዎች፥ በሸጣቸው ዘመን ለሚኖር ሕዝብ ዋጋ የሌለው ስጦታ አበረከቱ።

በ1904 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ በመጨረሻ ወለጋ ገባ። ተሰርቆ ከወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ቀድሞ ኩምሣ ሞረዳ የተባሉት፥ በክብር ተቀበሉት። እርሱም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍቶ ማስተማር፥ በኦሮምኛም መስበክ ጀመረ። ገበሬውና ሴቲቱ፥ ሽማግሌውና እረኛው ወንጌልን በእናታቸው ቋንቋ ሰሙ። ብዙ ሰዎችም ሊሰሙት መጡ።

ይህ ነገር ግን ለብዙዎች እንግዳ ሆነባቸው። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውና የሚዜመው በግእዝ ነበረ። ካህናቱ ኦሮምኛ አያውቁም ነበርና ምን እንደሚያስተምር አልተረዱትም፤ ሰው ያልተረዳውን ነገር ደግሞ ይፈራዋል። እመቤታችንን ማርያምን ሰደበ ብለው ከሰሱት። ይህ ክስ በአገራችን እጅግ ከባድ ነው። በ1906 ዓ.ም. ወደ ጳጳሱ ወደ አቡነ ማቴዎስ ቀረበ፥ ከአገሩም እንዲሰደድ ተፈረደበት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሻሉለት፤ ወደ ነቀምቴ ተመልሶ እንዲኖር፥ ነገር ግን እንዳይሰብክ አዘዙ።

ልጆች ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆማችሁ አስቡ። ይህ ሰው ለመመለስ ሠላሳ አምስት ዓመት ደክሞአል። በተመለሰ በሁለት ዓመት አፉ ተዘጋ። ልጅ ሳለ የጠሉት ባዕዳን ነበሩ፤ አሁን ግን የከሰሱት እንደ እርሱ በክርስቶስ ስም የተጠመቁ ናቸው። ይህ ከፊተኛው ይልቅ ያማል። ተቈጥቶ ወደ ስዊድን ቢመለስ ማን በነቀፈው ነበር? ወይም ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አድርጎ፥ ያመነውን በልቡ ሸሽጎ ቢኖር ማን ባወቀ ነበር? እርሱ ግን ሁለቱንም አላደረገም። በነቀምቴ ተቀመጠ። ስብከት በተከለከለ ጊዜ ልጆችን ፊደል አስተማረ። እንደገና የመሰደድ ፍርሃት በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ዓመት በዓመት ላይ እየተጨመረ፥ በዚያው ሥራ ጸና። ቤቱ በጐረቤቶቹ ፊት የተገለጠ ነበር፤ ኑሮው ስብከት ሆነለት።

ዐሥር ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ኦኔሲሞስ እምነቱን እንዲያስተምር የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጡት። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ከዚያ ወዲያ ኦኔሲሞስ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አስተማረ፥ መጻሕፍቱንም አደለ። የወለጋ ሰዎች አባ ገመቺስ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ትርጓሜውም ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1931 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በዕለተ እሑድ፥ በነቀምቴ ዐረፈ። እርሱ የዘራው ዘር በወለጋ በዝቶ በቀለ፤ በ1959 ዓ.ም. ለተመሠረተችው ለመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ፥ የከሰሱትን ካህናት ለመጥላት አንቸኵል። እነርሱም ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን እምነት የሚጠብቁ መስሎአቸው ነው ያደረጉት። ነገር ግን ይህን ልብ እንበል፤ ግእዝ ራሱ አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ ቋንቋ ነበረ። የጥንት አባቶች መጻሕፍትን ከጽርዕ ወደ ግእዝ ባይመልሱ ኖሮ ያ ጣፋጭ ዜማ ከወዴት ይመጣ ነበር? አማርኛም እንዲሁ ነው፤ አባ አብርሃም የሚባሉ የጎጃም መነኵሴ የተረጐሙት መላው መጽሐፍ በ1840 ዓ.ም. ታትሞአል። ዛሬ የተወደደው ነገር ትናንት እንግዳ ነበረ።

ሁለተኛም፥ መለየት ማለት ሰውን መናቅ ማለት አይደለም። ሰውን የሚንቅ ከሰው ይርቃል እንጂ ወደ ሰው አይመለስም። ኦኔሲሞስ ከሕዝቡ ልማድ የተለየው ሕዝቡን ስለ ወደደ ነው። ከሸጠው አገር አልሸሸም፥ በከሰሰውም ከተማ ኖሮ በዚያው ተቀበረ።

እናንተም፥ የአሰቦትና የሚኤሶ፥ የጭሮና የሂርና ልጆች፥ ይህ ነገር ለታላላቅ ሰዎች ብቻ ነው አትበሉ። በገበያ ሁሉም በጐደለ መስፈሪያ ቡና ሲሰፍር፥ መስፈሪያውን ሞልቶ የሚሰጥ ልጅ ተለይቶአል። ባልንጀሮቹ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ሲሰድቡ፥ አብሮ የማይሰድብ ተለይቶአል። ሌሎች ከሙስሊም ጐረቤታቸው ጋራ ሲጣሉ፥ የሰላምታ ቃል የማይከለክል፥ ቢታመምም የሚጠይቅ ተለይቶአል። እንዲህ ያለውን ልጅ አንዳንዱ ሞኝ ይለዋል፥ አንዳንዱም ይጠላዋል። ይህ ሲሆን አይቈጣ፥ አይፈርም፤ ሥራውንም አይተው። የዛሬ ነቀፋ በዐሥር ዓመትም ቢሆን ያልፋል፤ በጽድቅ የተሠራ ሥራ ግን ከሠራው ሰው በኋላ ይኖራል።