ብዕርና በገና የያዙት የስሜን ልጅ፦ እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን ዐድዋ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን እኚህ ሴት ከዐድዋ ዘመቻም፣ ከእቴጌነቱም ዘውድ አስቀድሞ አንባቢና ገጣሚ ነበሩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለዚሁ ብዙ ስላልተነገረለት የሕይወታቸው ክፍል እንነጋገር።

እቴጌ ጣይቱ በትውልዳቸው ከአገራችን ከስሜን የሚቆጠሩ ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባሉ ነበር። በጃናሞራ ያለችውን ደራስጌ ማርያምን ያሠሩት እኚሁ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደራስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤም ቤት ፈረሰ። ጣይቱ በልጅነታቸው ያዩት የወገኖቻቸውን ክብር ሳይሆን ውድቀታቸውን ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ በፈረሰው ቤት ግን ንባብ አልጠፋም። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ጥሩወርቅ፣ ማለት የጣይቱ የአጎት ልጅ፣ አባታቸውን ያሰሩትን ንጉሥ እንዲያገቡ ሆነ። በመቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ አንድ ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ሲገቡ ጥሩወርቅ ከመዝሙረ ዳዊት ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ ቀሩ። ንጉሡ ስለ ምን ሰላምታቸውን እንዳልመለሱላቸው ቢጠይቋቸው፣ ከእርሳቸው ከሚበልጥ ሰው፣ ከንጉሥ ዳዊት ጋር በመነጋገር ላይ መሆናቸውን ነገሯቸው። ጥሩወርቅ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በግንቦት 1860 ዓ.ም. ዐርፈው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሠራዊትም ሥልጣንም ያልነበራቸው ሴት በንጉሥ ፊት ቀጥ ብለው የቆሙት በአንድ መጽሐፍ ነው።

ጣይቱም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። በዚያ ዘመን ከወንዶቹ መኳንንት እንኳ ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም ነበር። የሴት ልጅ ትምህርትማ ከፈትልና ከወጥ ቤት እምብዛም አያልፍም። ጣይቱ ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ተምረው ነበር፤ ግዕዝም ይሰሙ ነበር። ሰንጠረዥ መጫወት ያውቃሉ፤ ግጥም ይገጥማሉ፤ በገናም ይደረድራሉ። በገና እንደምታውቁት ለዘፈንና ለእስክስታ የሚሆን መሣሪያ አይደለም። ዐሥሩን አውታር የሚደረድር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሰበ ነው የሚያዜም። ስለዚህ የበገና ሰው የቃልን ክብደት ያውቃል።

ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ጣይቱ በትዳር ብዙ ውጣ ውረድ አይተዋል። የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ነው። በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። ይህን ስም ስንሰማ ያወጣችው ገጣሚ መሆኗ ትዝ ሊለን ይገባል። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ ጣይቱም በዚያው ሰሞን የእቴጌነት ዘውድ ደፉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና የቃል ፈተና ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፣ ምኒልክ ከፈለጉ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንዲት ግሥ ልዩነት አንድ አገር ነጻነቱን ሊያጣ ነበር። ነገሩ ሲገለጥና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ለማግባባት ሲመጣ፣ በክርክሩ ላይ በጽኑ ከቆሙት መካከል እቴጌ ጣይቱ ነበሩበት። ኢትዮጵያም እንደ ኢጣልያ የክብሯን ነገር እንደምታስብ ነገሩት። አንቶኔሊም በየካቲት 1883 ዓ.ም. ያለ ውጤት ተመለሰ።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ ሊይዝ እንደሚችል የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ግጥም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለሚሉን ወዳጆቻችን መልሱ ይኸው ነው። ቃልን መመዘን የለመደ ሰው ውል ሲቀርብለትም ይመዝናል።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውኃው ተይዞበት ምሽጉን ሲለቅ፣ ዘዴው የእርሳቸው እንደ ነበር ይነገራል። የካቲት 23 ቀንም በዐድዋ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲደርስ አደረጉ።

የሕይወታቸው ፍጻሜ ግን መራራ ነበር። ምኒልክ በታመሙ ጊዜ መንግሥቱን እርሳቸው ሲመሩ ቆዩና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀረ ዕድሜያቸውን በጎንደር እንዲጨርሱ ቢለምኑም አልተፈቀደላቸውም፤ በየካቲት ወር በዚያው በእንጦጦ ዐረፉ። ዛሬ መቃብራቸው በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ነው።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጣይቱ ብዕር የያዙት የመሳፍንት ልጅ ስለሆኑ ነው። በዚያው ዘመን በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ወፍጮ ላይ ሆነው፣ ልጅ እሹሩሩ ሲሉ፣ በለቅሶ ቤትም ሙሾ ሲያወርዱ የሚገጥሙ ሴቶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ወረዳችን በደረሰ ጊዜ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ኀዘናቸውን ያወጡት በግጥም ነው። ከተናገሩት ስንቱ ተጻፈ? አልቃሿ ስትሞት ግጥሟም አብሯት ይቀበራል።

በጥንት ጊዜ ለአንዲት የራስ ልጅ ብቻ የተሰጠው ብዕር ዛሬ በየገበሬው ቤት ደብተር ውስጥ አለ። እንግዲህ ምክንያት የለንም። እኅቶቻችን በመዝሙሩ ከፊት ናቸው፤ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ግን ስማቸው እምብዛም አይታይም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በመጪው ጾም አንድ ደብተር እንያዝ። ከእናታችን፣ ከአያታችን፣ ከጎረቤታችን አንዳንድ ግጥም ለምነን፣ የተናጋሪዋን ስምና ቀኑን ጨምረን እንጻፍ። እኅቶች ደግሞ የራሳችሁንም ጨምሩበት። በወንድሞች በኩል፣ እኅት ስትጽፍ ከሥራዋ ጥቂቱን ተቀብሎ ጊዜ መስጠት የእኛ ድርሻ ይሁን።