ዋልት ዲስኒና ምረቃውን ያላዩት የጀልባ ጉዞ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት አናሃይም ከተማ በሚገኘው የዲስኒላንድ መዝናኛ ፓርክ የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች የተሰኘው የጀልባ ጉዞ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1967 ነበር። ሥራውን ለዓመታት የመሩት ዋልት ዲስኒ ግን ምረቃውን ለማየት አልታደሉም። ከሦስት ወራት በፊት በሳንባ ካንሰር ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

ዲስኒ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1901 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። ከልጅነት ጊዜያቸው የተወሰነውን ያሳለፉት በሚዙሪ ግዛት ማርሰሊን በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። አባታቸው ኤልያስ ዲስኒ በ1893 በቺካጎ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ግንባታ በአናጢነት ሠርተዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ወጣቱ ዲስኒ ወደ ፈረንሳይ ተጉዘው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አሽከርክረዋል።

በ1923 ከወንድማቸው ከሮይ ጋር በሎስ አንጀለስ የካርቱን ፊልም ማምረቻ አቋቋሙ። በ1928 ኦስዋልድ በተባለችው ጥንቸል ገጸ ባሕርይ ላይ የነበራቸውን ሥራ በአከፋፋያቸው ተነጠቁ። በዚያው ዓመት ይዘውት የቀረቡት ሚኪ ማውስ ግን ስማቸውን በዓለም ዙሪያ አስጠራ።

ዲስኒላንድን ለመገንባት ሲነሡ ብዙዎች ሐሳቡን በጥርጣሬ ተመለከቱት። እርሳቸው ግን የሕይወት ኢንሹራንሳቸውን አስይዘው እስከ መበደር ደረሱ። ፓርኩ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ተደርጎበት በጁላይ 1955 ተከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ መዝናኛዎች አንዱ በጫካ ውስጥ የሚደረግ የጀልባ ጉዞ ነበር። ጀልባው ከውኃው በታች በተዘረጋ ሐዲድ እየተመራ ይጓዛል፤ በወንዙ ዳር የሚታዩት እንስሳትም ሰው ሠራሽ ናቸው።

የወንበዴዎቹ ትርዒት መጀመሪያ የታቀደው ጎብኚው በእግሩ እየተዘዋወረ የሰም ምስሎችን እንዲመለከት ነበር። ለዚሁ ሲባል የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሮ የብረት ምሰሶዎች ከቆሙ በኋላ፣ በ1964 ለሚከፈተው የኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን የሚቀርቡ ሥራዎች ቅድሚያ ስለተሰጣቸው ግንባታው ተቋረጠ። ዲስኒ በዚያ ኤግዚቢሽን የፔፕሲ ኮላ ኩባንያ ስፖንሰር ላደረገውና ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዩኒሴፍ ድጋፍ ለዋለ ትርዒት የተለያዩ አገሮች ሕፃናትን የሚወክሉ ዘፋኝ አሻንጉሊቶች አዘጋጁ። ጎብኚዎች ትርዒቱን የተመለከቱት በጀልባ ተቀምጠው ነበር።

የጀልባው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ውኃ በጠባብ ቦይ ውስጥ በፓምፕ ኃይል እንዲፈስ ይደረጋል። ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ ጀልባ በውኃው ግፊት ይንሳፈፋል፤ በጎኑ የተገጠሙት ትናንሽ ጎማዎች ከቦዩ ግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ ይጠብቁታል። ጀልባዎቹ በተከታታይ ስለሚንቀሳቀሱ በሰዓት እጅግ ብዙ ሕዝብ ማስተናገድ ይቻላል። በእግር በሚጎበኝ አዳራሽ ግን አንዱ ጎብኚ ሲቆም የኋላው ሁሉ መጠበቁ አይቀርም።

ዲስኒ ከኒውዮርክ ያገኙትን ትምህርት ወደ አናሃይም ይዘው ተመለሱ። የእግር ጉብኝቱ ዕቅድ ተለውጦ ጉዞው በጀልባ እንዲሆን ተወሰነ። ይሁንና የተቆፈረው ቦታ ለአዲሱ ዕቅድ ስላልበቃ፣ ትልቁን አዳራሽ ፓርኩን ከሚከብበው የባቡር ሐዲድ ውጭ መሥራት አስፈለገ። ስለዚህ ጀልባው በሁለት ፏፏቴዎች ቁልቁል ወርዶ በሐዲዱ ሥር እንዲያልፍ ተደረገ። ተሳፋሪውን የሚያስደነግጡትና የሚያስደስቱት እነዚህ ፏፏቴዎች የተገኙት ከቦታ ጥበት ነው ማለት ይቻላል። በጉዞው ማብቂያ ጀልባው በማንሻ መሣሪያ ተጎትቶ ወደ ተነሣበት ከፍታ ይመለሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታዩት ከ100 በላይ የሰውና የእንስሳት ምስሎች ደግሞ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ተቀናጅተው ይንቀሳቀሳሉ።

ዋልት ዲስኒ ዲሴምበር 15 ቀን 1966 በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ ሥራው ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ነበር። ባልደረቦቻቸው ከዳር አደረሱት። ተመሳሳይ ጉዞዎች በ1973 በፍሎሪዳ፣ በ1983 በቶኪዮ፣ በ1992 በፓሪስ እንዲሁም በ2016 በሻንጋይ ተከፍተዋል። የተቋረጠን ግንባታ እንደ ኪሳራ ሳይቆጥሩ፣ በሌላ ሥራ ባገኙት ልምድ አሻሽለው መቀጠላቸው ከሞታቸው በኋላ ፍሬ አፍርቷል።