ፍራንክ ኸርሊና ከባሕር የተረፉት ፎቶግራፎች

ፍራንክ ኸርሊ በ1885 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ቤት ኮብልሎ በአንድ የብረት ፋብሪካ ተቀጠረ። በ17 ዓመቱም የመጀመሪያ ካሜራውን በየሳምንቱ አንድ አንድ ሽልንግ እየከፈለ በዱቤ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ልቡ ወደ ሌላ ሙያ አላዘነበለም።

በ1911 ዓ.ም. ዳግላስ ማውሰን የተባለው ሳይንቲስት ወደ አንታርክቲካ የአሰሳ ጉዞ በማሰናዳት ላይ ነበር። እንደሚነገረው ኸርሊ ማውሰን የሚሳፈርበትን ባቡር አጣርቶ አብሮት ተሳፈረ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሙያው ሲያስረዳው ቆይቶም በመጨረሻ የጉዞው ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ለመቀጠር በቃ። ዕድል የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ የባቡር ቲኬት መግዛትን ይጠይቃል። በዚያ አገር ኸርሊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ደቡብ ማግኔታዊ ዋልታ አቅጣጫ ተጉዞ ሲመለስ፣ በመንገድ ላይ የተቀመጠላቸውን ስንቅ ማግኘት ስላልቻሉ ሦስቱም ለጥቂት ከሞት ተረፉ። በሌላ አቅጣጫ ከማውሰን ጋር የሄዱት ሁለት ሰዎች ግን በዚያው ቀሩ።

ኸርሊ ከዚህ ጉዞ ይዞት የተመለሰው ተንቀሳቃሽ ፊልም ብዙ ተመልካች ስላገኘ፣ ሰር ኧርነስት ሻክልተን አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ባቀደ ጊዜ ለጉዞው ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ኸርሊ እንዲሄድ ፈለጉ። «ኢንዱራንስ»፣ ማለትም «ጽናት» የተባለችው መርከብ በኦክቶበር 1914 ከቦነስ አይረስ ስትነሣ እርሱም ተሳፍሮ ነበር። በመርከቧ ላይ የተጓዙት ሰዎች ብዛት 28 ነበር።

በጃንዋሪ 1915 መርከቧ በዌዴል ባሕር የበረዶ ግግር ተይዛ መንቀሳቀስ ተሳናት። ባልደረቦቹ ወራቱ እንዴት እንደሚያልፉ ሲጨነቁ፣ ኸርሊ ካሜራውን ተሸክሞ በበረዶው ላይ ይዞር፣ እስከ መርከቧ ምሰሶ ጫፍም ይወጣ ነበር። በኦገስት 27፣ በዋልታው ጨለማ ውስጥ፣ መርከቧን በሌሊት ለማንሣት በዙሪያዋ 20 ያህል የብልጭታ መብራቶች ተክሎ አፈነዳ። ብልጭታው ዓይኑን ስላጭበረበረው ከበረዶ ክምር ጋር እየተጋጨና እየተደናቀፈ ወደ መርከቧ ተመለሰ። በጨለማ ውስጥ እንደ አጽም ነጥታ የምትታየው መርከብ ፎቶግራፍ የተገኘው በዚያ ሌሊት ነው።

በኦክቶበር 27 ቀን 1915 በረዶው የመርከቧን ጎን ስለ ሰባበረው ሰዎቹ ሁሉ ጥለዋት ወደ ግግሩ ወረዱ። የኸርሊ ነጋቲቮች ግን በውስጧ ቀሩ። በዚያን ዘመን ነጋቲቭ የሚባለው በአብዛኛው ስስ ፊልም ሳይሆን ኬሚካል የተቀባ መስታወት ስለነበረ፣ ውሃ ከነካው የአንድ ዓመት ድካም ከንቱ መሆኑ ነው። ኸርሊ በኖቬምበር 2 ወደ ፍርስራሹ ተመልሶ ግድግዳውን በመጥረቢያ ፈለጠ፤ ልብሱንም አውልቆ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በረዷማ ውሃ ውስጥ ጠለቀና ሣጥኖቹን አወጣ። ነጋቲቮቹ በብየዳ በታሸጉ ቆርቆሮዎች ውስጥ ስለነበሩ ውሃ አልነካቸውም። መርከቧ ከ19 ቀን በኋላ ሰጠመች። ኸርሊ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ጉዞ የሚታይ ነገር እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ሆኖም አዲስ ፈተና መጣ። መንገደኞቹ በትናንሽ ጀልባዎች መጓዝ ስለነበረባቸው እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ዕቃ ብቻ እንዲይዝ ታዝዞ ነበር፤ መስታወቱም ከባድ ነበር። ስለዚህ ኸርሊና ሻክልተን በበረዶው ላይ ተቀምጠው ነጋቲቮቹን አንድ በአንድ እያነሡ መረጡ። 120 ያህሉ እንዲቀሩ ተወሰነ። ሌሎቹን፣ ወደ 400 የሚጠጉትን፣ ኸርሊ ራሱ እዚያው ሰባበራቸው፤ ይህን ያደረገውም ኋላ ልቡ ተመልሶ እንዳይመኛቸው ነው። ትልልቆቹን ካሜራዎችም ጥሎ፣ አንዲት የኪስ ካሜራና ሦስት ጥቅል ፊልም ብቻ አስቀረ። ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከውሃ ያወጣውን ሥራ በገዛ እጁ መስበር ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረደው።

በኤፕሪል 1916 ወደ ኤለፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር በአንዲት ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ሲሄድ፣ ኸርሊን ጨምሮ 22 ሰዎች ከአራት ወር በላይ በተገለበጡ ሁለት ጀልባዎች ሥር ኖሩ። በኦገስት 30 ሻክልተን በአራተኛ ሙከራው «ዬልቾ» በተባለች የቺሌ መርከብ መጥቶ ሁሉንም በሕይወት አወጣቸው። ነጋቲቮቹም ዳኑ።

ስለ ኸርሊ ሲጻፍ ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። የጀልባዋን መነሣት ያነሣበት ፎቶግራፍ ኋላ ተለውጦ የመዳናቸው ሰዓት ተደርጎ ለሕዝብ ቀርቧል። በ1917 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ሠራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ወደ ቤልጅግ ጦር ሜዳ በተላከ ጊዜም ልዩ ልዩ ነጋቲቮችን አጣምሮ አንድ ሥዕል ያደርግ ስለነበር፣ የጦርነቱን ታሪክ ይጽፍ ከነበረው ከቻርልስ ቢን ጋር ተጣላ። ቢን ይህን እንደ ሐሰት ቆጠረው፤ ኸርሊ ግን የጦርነትን ስፋት አንድ ነጋቲቭ ብቻውን ሊያሳይ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ሥራውን እስከ መልቀቅም ዝቶ ነበር። በዚህ ክርክር ዛሬም ሁለቱንም የሚደግፉ ሰዎች አሉ፤ ይሁንና የታሪክ ማስረጃ የሚፈልግ አንባቢ ወደ ቢን ቢያደላ አያስደንቅም።

በ1918 ዓ.ም. በካይሮ ሳለ ከአንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ጋር ተዋውቆ ከአሥር ቀን በኋላ አገባት። ከዚያም ወደ ፓፑዋ፣ ደግሞም ወደ አንታርክቲካ እየተመላለሰ ሲሠራ ኖሮ በ1962 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ በሲድኒ አረፈ።

ኸርሊ ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በማርች 2022፣ አሳሾች ኢንዱራንስን በዌዴል ባሕር ወለል ላይ፣ በ3,008 ሜትር ጥልቀት አገኟት። እንጨት የሚበላ ትል በማይኖርበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለቆየች ብዙ አልፈረሰችም ነበር፤ በኋላዋ ላይ የተጻፈው ስሟም ይነበብ ነበር።