የአበበ ቢቂላ ቮልስ ስንት ታወጣ ነበር?

ጥቂት ብቻ የምትሠራ የስፖርት መኪና ገንዘብ ታስቀምጣለች ወይስ ትበላለች? በኮልፌ ቀራኒዮ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እስኪጀምር የሚጠብቅ የኳስ አፍቃሪ የተጫዋቾች መኪና ወሬ አያልቅበትም። ሮናልዶ በዓለም ላይ 10 ብቻ ከተሠሩት ቡጋቲ ሴንቶዲየቺ አንዷን ገዛ ሲባል ግማሹ እብደት ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ነገ አትርፎ ይሸጣታል ባይ ነው። ለዚህ ክርክር ግን ከሮናልዶ ይልቅ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የበለጠ ያስተምራል። ጀግናው የተሸለመው ቡጋቲ አይደለም፣ ቮልስ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ። የዚያን ጊዜ የገና ሜዳ እንደዛሬው የኳስ ሜዳ በመቶ ሜትር የሚለካ አልነበረም፤ ከግብ እስከ ግብ ኪሎ ሜትሮች ይሮጥ ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ ክብር ዘበኛ ሆነ፣ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም አገኘው። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በማግስቱ እንቁጣጣሽ ሊሆን፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው ጣሊያን ከእኛ ዘርፋ ባቆመችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ገና 5 ሳምንቱ ነው። ይሮጣል ብሎ የጠበቀ ማን ነበር? በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። አበበ እስከዚያ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ማራቶንን በሁለት ኦሊምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ሆነ።

በዚያ ዘመን ኦሊምፒክ የአማተር ነበርና የሽልማት ገንዘብ፣ የጫማ ኩባንያ ውል የሚባል ነገር የለም። የአትሌቱ ዋጋ ከንጉሡ እጅ የሚሰጠው ነው። ከቶኪዮ ሲመለስ አፄ ኃይለሥላሴ ማዕረጉን ጨመሩለት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ሸለሙት፣ ቤትና አንድ ቮልስዋገንም ሰጡት።

አበበ ቶኪዮ በሮጠበት በዚያው ዓመት ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተባለችውን የውድድር መኪና የመጨረሻዎቹን እየሠራ ነበር። በጠቅላላ የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አዲሷ 18 ሺህ ዶላር ገደማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዷ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ወይ ጉድ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ቁጥሯ ያነሰ ሁሉ እንዲህ አይሆንላትም። ጃጓር ኤክስጄ220 እ.ኤ.አ. በ1992 ስትወጣ 300 እንኳን አልሞላችም፣ ዋጋዋም ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ቀብድ የከፈሉት ሀብታሞች ራሳቸው ከውሉ ለመውጣት ተሯሯጡ፣ መኪናዋም ለዓመታት ከተገዛችበት በታች ተሸጠች። ጂቲኦን ያስወደዳት የቁጥሯ ማነስ ብቻ ሳይሆን በውድድር ያሸነፈችው ድል ጭምር ነው።

ድቡልቡሏ ቮልስማ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በዓለም ገበያ እንዲሁ ስትታይ ብርቅ አይደለችም። እኛ አገር አሮጌ መኪና ዋጋዋን የምትይዘው በሌላ ምክንያት ነው፤ የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያለችው መኪና ተጠግና ትነዳለች እንጂ አትጣልም።

የታዋቂ ሰው ንብረት ሲሆን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የኡራጓዩ ፕሬዚዳንት ሆዜ ሙሂካ ለአሮጌ ቮልሳቸው እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ሚሊዮን ዶላር ቀርቦላቸው ነበር። የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ በ1896 የተሸለመው ትንሽ የብር ዋንጫ በ2012 ለንደን ላይ ከ540 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ። ሉዊስ ያሸነፈው አንዴ ነው፣ አበበ ሁለቴ! እንግዲህ ከ21 ሚሊዮኑ መካከል የአበበ አንዷ ስንት ታወጣ ነበር? አንባቢ ራሱ ያስላው። ከፌራሪ አታንስም ማለት ማጋነን ነው፣ ከብዙዎቹ ጃጓሮች ግን ትበልጣለች።

አበበ ራሱ የከፈለባት ዋጋ ግን በዶላር አይተመንም። በ1961 መጀመሪያ ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ከዚያ ወራት ሳይቆይ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልሱን ሲነዳ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆና ተገለበጠች። ሌሊቱን ውስጧ ታፍኖ አድሮ በማግስቱ ነው ሰዎች ያወጡት። ዓለምን ጉድ ያሰኙት እግሮች ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ 8 ወር ያህል ታከመ፣ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን እምቢ አሉ።

አበበ ተሸንፎ አልተቀመጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ስቶክ ማንድቪል ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በረዶ የት ያውቅና! በቀጣዩ ዓመት በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በጭንቅላት ደም መፍሰስ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብና ንጉሡ ራሳቸው ሸኝተውት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። በምዕራብ አዲስ አበባ በስሙ የተሰየመው ስታዲየም ዛሬም አለ።