ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ጨዋታቸውን በሸክላ ያስቀሩ ሰው

በአማርኛችን ጨዋታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው የልጆች መሯሯጥና የኳስ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ታላላቆች በቡና ወይም በጠጅ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል የሚያደርጉት ነው። አንዱ ነገር ይጀምራል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ማንም ያላሰበውን ቃል ጣል ያደርግና የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ያስቃል። ይህ ጨዋታ አስቀድሞ ስለማይጻፍ ያስደስታል፤ ስለማይጻፍም ከተናጋሪው ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈናቸውንና ግጥማቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ግጥም መግጠምና ማሲንቆ መምታት የሚችሉ፣ በተለይም በሰምና ወርቅ ንግግራቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ለቀረበላቸው ነገር ሁሉ ሳይዘገዩ፣ ነገር ግን ቃላቸው ሁለት መንገድ እንዲሄድ አድርገው መልስ ይሰጡ ነበር። የሚሰማቸው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ወርቁ ሲገባው እንደገና ይስቃል።

በዚያ ዘመን የአዝማሪ ሙያ እንደ ዛሬ የተከበረ አልነበረም። ሰው ዜማውን ይወድ ነበር፤ ዜመኛውን ግን ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። ነጋድራስ ተሰማ በኋላ ከፍ ካለ ሹመት ደርሰው ሳለ በማሲንቆ መታወቃቸውን አለማፈራቸው ስለ ጠባያቸው ብዙ ይነግረናል።

ድምፅን በመሣሪያ መያዝ በኢትዮጵያ የተሰማው ከእርሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለአፄ ምኒልክ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በ1899 በዚያው ዓይነት መሣሪያ መልሳቸውን በገዛ ድምፃቸው ላኩ፤ ይህም ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል። በዚያው ወራት የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማርከው ከአገራቸው ርቀው በእስራት ላይ ነበሩ። እኛ በቦንጋ የምንማር ልጆች ስማቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን ድምፃቸው ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ሲናገሩ ይፍጠኑ ወይም ይዘግዩ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። አንድ ድምፅ ሲያዝና ሌላው ሲያመልጥ የሚሆነው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 ነጋድራስ ተሰማ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። የተላኩትም ለዘፈን ሳይሆን ለሌላ ሥራ ነው። አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ መግባት የጀመረው በዚያ ጊዜ ስለ ነበረ፣ መንዳቱንና መጠገኑን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያስፈልግ ነበር። እርሳቸውም ይህን ሙያ እንዲማሩ ተመረጡ። በበርሊን ሳሉ ግን ማሲንቷቸውን ይዘው ከድምፅ መቅረጫው ፊት ቀረቡና ዜማዎቻቸውን በብዙ ሸክላ አስቀረጹ።

የዚያን ዘመን ቀረጻ እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ አፉን ወደ አንድ ትልቅ ጡሩምባ አቅርቦ ይዘፍናል። ድምፁ በጡሩምባው ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኗ መርፌዋን ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌዋም በሚዞረው ሰም ላይ የድምፁን መንገድ ትጭራለች። ከሰሙ ቅርጽ ተወስዶ ሸክላው ይታተማል። የሰምና ወርቅ ባለቤት የሆኑት ሰው ድምፃቸው በእውነተኛ ሰም ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

ችግሩ ብዙ ነበር። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስሕተት ቢገባ ስሕተቷን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ሁሉን እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። የማሲንቆ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ስለ ሆነ ከጡሩምባው ጥቂት ቢርቅ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን ሌላ ነው። ግጥም ገጣሚ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚሰማው ሰው ፊት ነው። ማን እንደ ሳቀ፣ ማን እንደ ከፋው፣ ማን ወርቁ እንዳልገባው አይቶ ቀጣዩን ስንኝ ያወጣል። በበርሊኑ ክፍል ውስጥ የነበረው አድማጭ ግን አማርኛ የማያውቅ ባለሙያና ዝም ያለ ጡሩምባ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ ያላዩትን፣ ገና ያልተወለደውንም አድማጭ በልባቸው እያሰቡ መጫወት ነበረባቸው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሥራቸው ከቤተ መንግሥት አልራቀም። ከልጅ ኢያሱ ጋር ወዳጅነት ነበራቸው፤ በዘመናቸውም ነጋድራስ የሚለውን የንግድና የቀረጥ ሹመት አገኙ። ነገር ግን ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ወዳጆቻቸውም አብረው ወደቁ፤ ነጋድራስ ተሰማም ከመከራው አላመለጡም። ሹመት እንደሚሰጥ ሁሉ እንደሚነጠቅ አዩ። ሊነጠቁት ያልቻሉት ሀብት ቢኖር አንደበታቸው ነበር።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. የተወለዱት፣ ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀውና በኋላም የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በጅማ ነው። አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ኳስ ተጫዋችነት የታወቁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ታላቅ ሰው ናቸው። የአባታቸውን ግጥሞችና ጨዋታዎች በመሰብሰብም ደክመዋል። እንግዲህ በጨዋታ ሁለት ትርጉም የከበረ ቤት ነበር ብንል አንሳሳትም፤ አባት በቃል፣ ልጅ በኳስ።

ነጋድራስ ተሰማ ዕድሜ ጠግበው እ.ኤ.አ. በ1964 ዐረፉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን በጡሩምባ የቀረጹ ሰው ሬዲዮ በአገራቸው ሲናገር ለመስማት በቁ። ከሞቱም በኋላ ሸክላዎቻቸው አልተረሱም። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት፣ በ27ኛው ቁጥር እንደገና ታትመው ለዓለም ቀረቡ። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ማሲንቆው ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ ሰውየው ግን አለ።

ስለ ዛሬም ጥቂት እንበል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አንድ አዲስ የጠረጴዛ ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ቦታ ወስደው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ከመካከላቸው ማንም አያውቅም፤ አንዳንዴም ዳይ ተጥሎ ይወሰናል። በዘመናችን ብዙ ተጫዋቾች ይህን ጨዋታቸውን እየቀረጹ በሩቅ ላለ አድማጭ ይልካሉ። የሚገጥማቸውም ችግር የነጋድራስ ተሰማ ችግር ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ በዐይን ጥቅሻና በእጅ ምልክት የሚገባው ነገር ለሚያዳምጥ ሰው አይታይም። ስለዚህ ማን እንደ ተናገረና ምን እንደ ተደረገ በቃል መግለጥ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንዳይናገር መጠንቀቅ፣ ከሳቁ ግን ጥቂቱን መተው ያስፈልጋል። ሳቁ ሁሉ ከወጣ ጨዋታው ሞቷልና።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? እርሳቸው የተላኩት መኪና ሊማሩ ነበር። የተማሩበት መኪና አርጅቶ ጠፍቷል፤ በትርፍ ጊዜያቸው የቀረጹት ድምፅ ግን ቀርቷል። በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሞልናል፤ ዕቃን ይጠብቃል። የአያቶቻችንን የካፊኖኖ ተረት፣ እንቆቅልሽና የቡና ላይ ጨዋታ ግን ዕቃ ሊይዘው አይችልም። ነጋድራስ ተሰማ እስከ በርሊን ሄደው ያገኙት መሣሪያ ዛሬ በብዙዎቻችን ቤት በስልክ ውስጥ አለ። የሦስት ደቂቃ ወሰንም የለበትም።

ስለዚህ፣ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ በዚህ ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁና አያቶቻችሁን አጫውቷቸው፤ ጨዋታቸውንም ቅረጹ። ብቻቸውን አታስቀምጧቸው፤ የሚስቅላቸውና የሚመልስላቸው ሰው አጠገባቸው ይኑር። ስማቸውን፣ ቀኑንና ቀበሌውን ከቀረጻው መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም በዚህ ሥራ እንዲረዱን በአክብሮት እንለምናለን። ሸክላ የሠሩት ጀርመኖች ነበሩ፤ ሊሰማ የሚገባውን ነገር ይዞ የሄደው ግን የምንጃሩ ሰው ነበር።