አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫና የአባቱ ስእለት

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ርስት ያወርሳል፤ አንዱ ከብትና ወርቅ ያወርሳል፤ አንዱም ስሙንና ማዕርጉን ያወርሳል። ነገር ግን ርስት በወሰን ጠብ ይጠፋል፤ ከብትም በአንድ ክረምት በሽታ ያልቃል፤ ማዕርግም ከሰጪው ጋር ይሻራል። ልጅ አባቱ ሲያደርገው አይቶ በልቡናው ያተመው ምግባር ግን ክርክር የማይነሣበት ርስት ነው፤ ይህም ርስት ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ይህን ለማስረዳት የሩቅ አገር ታሪክ መፈለግ አያሻንም። ሌሊት ሰዓታት ሲቆም ድርሰቱን የምናዜምለት የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሕይወት ይበቃናል።

ስለ አባ ጊዮርጊስ የሚናገር ሰው ሁሉ ነገሩን ከጽዋዐ ልቡና ይጀምራል፤ ይህም መልካም ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከጽዋው በፊት የነበሩትን ዓመታት፣ ይልቁንም የአባቱን የሕዝበ ጽዮንን ነገር ልንመለከት እንወዳለን። ጽዋው የጸጋ ሥራ ነውና እንደርስበታለን ብለን አንመካም፤ የሕዝበ ጽዮን ሥራ ግን ልጅ ያለው አባትና ደቀ መዝሙር ያለው መምህር ሁሉ ሊከተለው የሚችለው ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወሎ አገር በሰግላ ነው። ስለዚህም በትውልድ አገሩ ጊዮርጊስ ዘሰግላ፣ በገዳሙ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ይባላል። ወላጆቹ በጸሎትና በስእለት ያገኙት ልጅ እንደ ሆነ ይተረካል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ካህን ነበር፤ ይኸውም በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉት ሊቃውንት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ ጸንተው የሚቀመጡበት አንድ ከተማ አልነበራቸውም። ሠራዊቱ ሲነሣ ድንኳኑ ይነሣል፤ ታቦቱም አብሮ ይጓዛል፤ ካህናቱም ሠራዊቱ በሰፈረበት ሁሉ ድንኳኑን ተክለው ማሕሌቱንና ቅዳሴውን ሳያስታጉሉ ይፈጽማሉ። እንግዲህ የሕዝበ ጽዮን አገልግሎት ቦታ ቢለወጥ፣ ብርድና ዝናም ቢፈራረቅ ሰዓቱን የማይለቅ አገልግሎት ነበር። ሕፃኑ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከእንዲህ ያለ አባት ነው።

ልጁም ለትምህርት በደረሰ ጊዜ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወሰደው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም አድርጎ ካጸናው ወዲህ የመጻሕፍትና የምንኵስና ምንጭ የሆነ ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ገዳም ገብተው በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር እንደ ተማሩ የታወቀ ነው። የገዳሙም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ሳይቀር ታላቅ ክብር ነበረው። ሕዝበ ጽዮን ልጁን ወደዚህ ስፍራ ሲያመጣ ተምሮ እንዲመለስለት ብቻ አልነበረም፤ ሐና ሳሙኤልን እንደ ሰጠች ለእግዚአብሔር ቤት ስጦታ አድርጎ ሰጠው እንጂ።

ነገር ግን ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። ባልንጀሮቹ ንባቡን ፈጽመው ወደ ዜማው ሲሻገሩ፣ ዜማውን ይዘው ወደ መጻሕፍቱ ሲገቡ እርሱ ከነበረበት አልተነሣም። ይህም የአንድ ክረምት ነገር አልነበረም፤ ሰባት ዓመት እንደ ቆየ ይነገራል። ጉባኤ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ የዚህን ሰባት ዓመት ክብደት ያውቀዋል። ታናሽ የነበረው ሲቀድም፣ ትናንት የመጣው ዛሬ ቀለም ሲነግር፣ መምህሩ ተራውን ሲያሳልፉት ማየት ከረኀብና ከውሻ ንክሻ ይልቅ ተማሪን ያቈስላል። ስለዚህም መምህሩ ሕዝበ ጽዮንን ጠርተው ልጁ ለትምህርት ያልታደለ መሆኑን ነግረው ወደ ቤቱ እንዲመልሰው አመለከቱት።

አሁን የአባትነት ፈተና መጣ። ሕዝበ ጽዮን ራሱ ሊቅ ነው፤ ባልንጀሮቹም ሊቃውንት ናቸው። የሊቅ ልጅ ማይም ሆነ መባል በካህናት መካከል ምን ያህል እንደሚያሳፍር አንባቢ ይረዳዋል። በልጁ ተቈጥቶ ሊወስደውና ሌላ ሥራ ሊያስይዘው ይችል ነበር፤ መምህሩንም ነቅፎ ወደ ሌላ ደብር ሊያዛውረው ይችል ነበር። ከሁለቱም አንዱን አላደረገም። ለእግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ እንደማይወስድ፣ ልጁም መማር ባይሆንለት በገዳሙ እየታዘዘና እያገለገለ እንዲኖር ገልጾ በዚያው ተወው።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከት። ሕዝበ ጽዮን ይህን ሲያደርግ ፍጻሜውን አላወቀም። ልጁ ደራሲ እንደሚሆን፣ መናፍቃንን እንደሚረታ፣ ስሙ በቤተ ክርስቲያን ለዘለዓለም እንደሚጠራ የነገረው የለም። ልጁ ዕድሜውን ሁሉ ውኃ ቀጅና እህል ፈጪ ሆኖ ቢቀር እንኳ ስእለቱ እንዳልፈረሰ ቈጠረ። ስእለቱ ልጁን ሊቅ ለማድረግ ሳይሆን የእግዚአብሔር ለማድረግ ነበርና፤ በገዳም ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ የሚጽፈውም ዱቄት የሚፈጨውም የአንድ ጌታ አገልጋዮች ናቸው። የዚህ አባት ታላቅነት ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ልጁን በስጦታው መጠን አልወደደውም።

አንዳንድ ሰው ምናልባት ይህን እንደ ጭካኔ ያየው ይሆናል፤ የተጨነቀ ልጁን ከጭንቀቱ ስፍራ ለምን አላወጣውም ሊል ይችላል። ነገር ግን መተውና አደራ መስጠት ልዩ ልዩ ናቸው። ሕዝበ ጽዮን ልጁን ለማንም ለማያውቀው አልጣለውም፤ ከአባቶች እጅ አኖረው እንጂ። ወደ ቤቱ ቢወስደው ኖሮ ልጁ አልችልም የሚለውን ቃል ከመምህሩም ከአባቱም በሰማ ነበር። በገዳሙ ስለ ተወው ግን ከአባቱ ዘንድ የሰማው ስፍራህ ይህ ነው የሚለውን ብቻ ሆነ።

ጊዮርጊስም በሐይቅ ተቀምጦ ለመነኰሳቱ መታዘዝ ጀመረ። በወፍጮ ላይ ተደፍቶ እህል ይፈጭ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። መጅና ወፍጮ ሲፋተጉ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ዘመን ማሕሌቱ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚህ ሁኔታ ሳለ በእመቤታችን አማላጅነት ጽዋዐ ልቡናን ጠጣ፤ የተዘጋው ልቡናው ተከፈተ፤ ብሉያትንና ሐዲሳትን አወቀ፤ ባልንጀሮቹም ሊቃውንቱም ተደነቁ። ጸጋው ያገኘው አባቱ ባስቀመጠው ስፍራ ላይ ነው። ሕዝበ ጽዮን በሰው ይሉኝታ ተሸንፎ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ያ የዕንባ ሌሊት ከዚያ ሥዕል ፊት ባልኖረ ነበር።

አሁን ደግሞ ልጅ ከአባቱ የተማረውን እንዴት እንደ ሠራበት እንመልከት። አባቱ በድንኳን ቤተ ክርስቲያን የጸሎትን ሰዓት ሲጠብቅ እንደ ኖረ ተናግረናል። ልጁም የሌሊቱንና የቀኑን ሰዓት በምስጋና የሚከፍለውን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሰ። አባቱ በወንዝና በሜዳ ላይ የጠበቀውን ሰዓት ልጁ በብራና ላይ አጸናው፤ ዛሬም በየገዳማቱና በየአድባራቱ ሰዓታት የሚቆም ካህን ሁሉ የዚያ ውርስ ተካፋይ ነው።

ስለ ትምህርቱም ዝና በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት በቤተ መንግሥት ተሰማ፤ የንጉሡንም ልጆች እንዲያስተምር ተደረገ። ክብር ሲበዛ ግን ቅንዓት ይከተላል። ከቢቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራከረ፤ ከሳሾችም ተነሡበት፤ ታሰረም። ከዐፄ ዳዊት ዕረፍት በኋላ ቴዎድሮስ ሲነግሥ እንደ ተፈታ ይነገራል። በእስር ቤትም ሆነ ከእስር በኋላ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ባለሟልነቱን ለማስመለስም አላጐበደደም። በሕፃንነቱ ሰባት ዓመት ውርደትን ተሸክሞ በስፍራው የጸና ሰው በጐልማሳነቱ ሰንሰለት አያናውጠውም። ለእግዚአብሔር የተሰጠ መልሶ አይወሰድም የሚለውን ሕግ ከአባቱ ተምሮት ነበርና፣ የተሰጠው ራሱ ስለ ሆነ ራሱን መልሶ አልወሰደም።

በመጨረሻም በወሎ በቦረና አገር በጋስጫ ገዳሙ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምርና ሲጽፍ ኖረ። መናፍቃንን የሚገሥጽበትን፣ በዓመቱ በዓላት ተከፋፍሎ የሚነበበውን መጽሐፈ ምስጢር በ1416 ዓ.ም ፈጸመ። በዚህ መጽሐፍ ሰባልዮስን፣ አርዮስንና ንስጥሮስን ብቻ ሳይሆን በገዛ አገሩ የተነሣውን ቢቱንም መልስ ሰጥቶታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1417 ዓ.ም ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። በሥጋ ልጅ አልነበረውም፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ፊደልና ንባብ አልገባህ የተባለው ሰው ስንት ልጆችን እንደ ወለደ ብራናዎቹ ይመሰክራሉ።

ካስተማራቸውም የንጉሥ ልጆች መካከል በኋላ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አንዱ እንደ ሆነ በአበው ዘንድ ይነገራል። ይህ ንጉሥ መጻሕፍትን አስጻፈ፤ ራሱም ጻፈ፤ አባ ጊዮርጊስ ክብሯን የጠበቀላት የቀዳሚት ሰንበት ነገር በ1442 ዓ.ም በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እንዲጸና አደረገ። ሆኖም ዜና መዋዕሉ እንደሚተርክልን በገዛ ልጆቹ ላይ በጣዖት አምልኮ ስም እጅግ የከፋ ቅጣት አድርሷል። ይህን የምናነሣው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም፤ የመጽሐፍ ዕውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሊተላለፍ እንደሚችል፣ የአባት ትዕግሥት ግን በተግባር ካልታየ በቃል ብቻ እንደማይወረስ ለማስገንዘብ ነው። ጊዮርጊስ ትዕግሥትን ያወቃት አባቱ በእርሱ ላይ ሲታገሥ ስላየ ነው።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ግልጥ ነው። ልጃችሁን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስትሰጡ ሊቅ የሚሆነውን ልጅ ብቻ እንሰጣለን አትበሉ፤ በትምህርት ቤትም ቢሆን እንደ ወንድሙ ፈጥኖ አልሄደም ብላችሁ በሰው ፊት አታሳፍሩት። ፈጣኑን በዘገምተኛው ላይ እያመሳከሩ መናገር ሁለቱንም ይጐዳል፤ አንዱን ያኰራል፣ ሌላውን ያስቈርጣል። ልጁ ከእናንተ ዘንድ ስፍራው ያልተወሰደበት መሆኑን ይወቅ።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ ዘንድ ደግሞ ቀለም የማይገባው ልጅ ሲገኝ ከጉባኤው ዳር አትጣሉት። በማለዳ ገና አእምሮው ሳይደክም አስቀድማችሁ አንብቡለት፤ የተሻለ የሚያውቅ ባልንጀራ አጣምዱለት፤ ከአገልግሎትም ዕጣን ማቅረብን፣ ደወል መደወልን፣ ለቤተ ልሔም ውኃ መቅዳትን አደራ ስጡት። የሚሠራው ሥራ ያለው ልጅ ከማኅበሩ እንዳልተለየ ያውቃልና ልቡ አይሞትም። የሐይቅ አባቶች ያን ሕፃን ባስተማሩት ብቻ ሳይሆን ባሳደሩትም ተመስግነዋል፤ ወፍጮውን ባይሰጡት ኖሮ ወደ የት በሄደ ነበር?

ሁሉም ልጅ እንደ አባ ጊዮርጊስ ጽዋዐ ልቡናን ይጠጣል አንልም፤ ያ የሰጪው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። የእኛ ድርሻ የሕዝበ ጽዮን ድርሻ ነው፤ ይኸውም የሰጠነውን አለመንሣት፣ ልጁ ሊቅ ቢሆንም ፈጪ ቢሆንም ልጃችን መሆኑን አለመርሳት ነው።

የሕዝበ ጽዮንን ስእለት የተቀበለ አምላክ የእኛንም ልጆች ይቀበልልን፤ የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።